ምርጫው አለቀ፤ የኮልፌ ወንበር ግን የማን ነው?

 

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሐምሌ 3 ቀን 2013 የስድስተኛውን አገር አቀፍ ምርጫ ውጤት ይፋ ካደረገ በኋላ በኮልፌ ቀራኒዮ የሰማነው ወሬ ሦስት ዓይነት ነበር። አንዱ ወገን «አሸነፍን» ይላል። ሌላው «ድሮም የታወቀ ነበር፤ ለምን እንደተሰለፍን አላውቅም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ስልኩን ይዞ የአሸናፊዎቹን ስም ዝርዝር ከላይ እስከ ታች እየወረደ «ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ሙስሊም ነው?» ብሎ ይቆጥራል። ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ፣ ከቤተል እስከ ካራ ቆሬ፣ ከሱብሒ በኋላ በመስጂድ በር ላይም ይሁን በሻይ ቤት ይሰማ የነበረው ይኸው ነው። ሦስቱም የማይስማሙ ይመስላሉ። ነገር ግን ሦስቱም የሚያወሩት ጉዳዩ እንዳለቀ፣ ከእንግዲህ የቀረው መደሰት ወይም ማዘን ብቻ እንደሆነ አድርገው ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። ለምን እንደማንስማማ ዘርዘር አድርገን እንጻፍ፤ ታግሳችሁ አንብቡን።

ቁጥሩን እናስቀድም። ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ብልጽግና ፓርቲ 410ሩን ወስዷል። አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 አግኝተዋል፤ የቀሩት ጥቂቶች በወቅቱ ገና እልባት አላገኙም ነበር። በአዲስ አበባ መቀመጫ ያገኘ ተቃዋሚ ፓርቲ የለም። ኦነግና ኦፌኮ ከውድድሩ ቀድመው ወጥተዋል። በወቅቱ እስር ላይ የነበሩት የባልደራስ እጩዎች በወረቀቱ ላይ ስማቸው የሰፈረው በፍርድ ቤት ክርክር ነው። በሶማሌና በሐረሪ ክልሎች ምርጫው ለሌላ ቀን ተላልፎ ነበር። በትግራይ ደግሞ ጭራሹን አልተካሄደም፤ 38 መቀመጫዎች ባዶ ቀሩ። ይህን የመጨረሻውን ዝም ብለን ልናልፈው አንችልም። በጦርነቱ ጉዳት የደረሰበት የነጃሺ መስጂድ ያለው በነጋሽ ነው። የነጋሽ ሕዝብ ግን ስለ መስጂዱም ስለ ራሱም የሚጠይቅለት ሰው በዚያ ምክር ቤት አልነበረውም።

እንግዲህ 410 ከ436 ማለት 94 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር ሲሰሙ «ከመቶው ሰው 94ቱ አንድ ፓርቲ መረጠ» ብለው የሚያስቡ ወንድሞች አሉ። እንደዚያ አይደለም። አገራችን የምትከተለው ሥርዓት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎች መካከል ብልጫ ድምፅ ያገኘው ወንበሩን የሚወስድበት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ያስቀመጠው ይህንን ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ የምርጫ ክልል 30 ሺህ ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንደኛው ተወዳዳሪ 12 ሺህ፣ ሁለተኛው 10 ሺህ፣ ሦስተኛው 8 ሺህ ቢያገኙ ወንበሩ የ12 ሺው ነው። የ18 ሺው ሰው ድምፅ በምክር ቤቱ ውስጥ አይታይም። በማግስቱ በየምርጫ ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን የውጤት ወረቀት ቆም ብሎ ያነበበ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ከአንደኛው በታች የተጻፉት ቁጥሮችም ሰዎች ናቸው። ሰኔ 14 ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የተሰለፉ፣ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሲራዘም ጨለማው ላይ የቆሙ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ስለዚህ ወንበሩን የያዘው ሰው የመረጡትም ያልመረጡትም ተወካይ ነው። ወደዚህ እንመለስበታለን። መጀመሪያ ግን ሰፈራችን ከምርጫ ጋር ያለውን ታሪክ ትንሽ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «ምን ዋጋ አለው» የሚለው ወገን ቃሉን ያገኘው ከሜዳ አይደለም።

ግንቦት 7 ቀን 1997ን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በዚያን ጊዜ ቅንጅት በአዲስ አበባ ያሉትን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። በአገር አቀፍ ደረጃ ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ ኦፌዴን 11 መቀመጫ አገኙ። ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ነው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተከሰተው ግጭት 193 ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን ምክር ቤቱ ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋገጠ። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። የመረጥናቸው ሰዎች ከተማዋን ሳያስተዳድሩ አዲስ አበባ እስከ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ በባለአደራ ቆየች። (የ2013ቱን ምርጫ ያስፈጸመውን ቦርድ የመሩት ወይዘሮ ብርቱካን ሚደቅሳ በዚያን ጊዜ ከታሰሩት የቅንጅት መሪዎች አንዷ ነበሩ። ይህች አገር እንዲህ ናት።)

ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን ሌላ ነገር አለ። ሥራውን ሊያስረክብ የነበረው የቀድሞው ምክር ቤት አዲሱ ከመግባቱ በፊት የአሠራር ደንቡን ቀየረ። አንድን ጉዳይ በአጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ አባላት ድጋፍ ያስፈልጋል ተባለ። ይህ ማለት ተቃዋሚዎች ከመቶ በላይ ሆነው ቢገቡም፣ አብዛኛው ወንበር ያለው ወገን ካልፈቀደ አንዲት አጀንዳ ማስያዝ አይችሉም ማለት ነው። ወንበር ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ወንበሩ የሚሠራው ደግሞ ሌላ ነው። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን ወሰዱ። በዚያ ምክር ቤት የተቃዋሚው ወንበር አንድ ነበር፤ እሱም ከዚሁ ከአዲስ አበባ የተመረጡት የአቶ ግርማ ሰይፉ ነው። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አንድም አልቀረም፤ 547ቱም የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። መቶ በመቶ!

አሁን ወደ ቆሼ እንምጣ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ቅዳሜ ምሽት ረጲ የሚገኘው የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ። ከ110 በላይ ሰው አለቀ። እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ተቀበሩ፤ ቁፋሮው ቀናት ፈጀ። በዚያ ሳምንት በኮልፌ የነበረ ሰው የሬሳ ሳጥኑን ብዛት አይረሳም። መስጂዱም ቤተ ክርስቲያኑም የሚቀብረውን ሰው ቁጥር መያዝ አቅቶት ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተሰብስቦ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ተውለበለበ። ለዚህ እናመሰግናለን። ሐዘን መካፈል ደግ ነገር ነው።

ነገር ግን ቆሼ በአንድ ሌሊት አልተከመረም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ ቦታ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲዛወር ተደርጎ ነበር። የሰንዳፋ ገበሬዎች «ውሃችንና ከብታችን ተበከለ» ብለው ሲቃወሙ ሥራው በወራት ውስጥ ቆመና መኪናዎቹ እንደገና ወደ ቆሼ ተመለሱ። ልብ በሉ፤ የሰንዳፋ ሕዝብ ጮኸ፣ ተሰማም። የሰንዳፋ ሕዝብ ሐቅ ነበረው፤ በዚህ አንከራከርም። ከዚያ ቆሻሻው የሄደው ጩኸቱ ወዳልተሰማ ሰፈር ነው። ያ ሰፈር የእኛ ነው። በመጋቢት የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

በዚያን ጊዜ የኮልፌ ነዋሪ ተወካይ ነበረው። በ2007 ዓ.ም. ተሰልፎ ድምፅ ሰጥቷል፤ ከ547ቱ ወንበር አንዱ በስሙ የተያዘ ነበር። እስኪ ዛሬ ከጎረቤታችሁ አምስት ሰው ጠይቁ፤ የቆሼ ክምር በተናደበት ጊዜ የምርጫ ክልላችሁ ተወካይ ማን ነበር? ስሙን የሚነግራችሁ አንድ ሰው ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ያለመታወቁ ጥፋት የተወካዩ ብቻ ነው ብለን አንፈርድም። ቆሻሻው ከሰንዳፋ ሲመለስ የሰፈሩ እድሮችና ጀመዓዎች በአንድ ወረቀት ላይ ፈርመው፣ ያንን ሰው በስሙ ጠርተው፣ «ይህን ጉዳይ ለሚመለከተው ሚኒስትር በምክር ቤቱ ጠይቅልንና መልሱን ይዘህልን ና» ቢሉት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ምናልባት ምንም። ምናልባት ደግሞ ሌላ። በነሐሴ 2010 ከቆሻሻው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ማመንጫ ተመርቋል፤ ቆሼ ግን ከዚያ በኋላም ቆሻሻ ይደፋበት ነበር።

«አንድ ተወካይ ምን ያመጣል? ፓርቲው ካለው ውጭ አይወጣም» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ትልቁ ክርክር እዚህ ላይ ነውና ቀስ ብለን እንየው።

ያ መቶ በመቶ የተባለው የ2007ቱ ምክር ቤት ሰዎቹ ሳይቀየሩ ምን ምን እንዳደረገ ደርድሩት። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አጸደቀ፤ ቆይቶም አራዘመው። የካቲት 23 ቀን 2010 ሁለተኛውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አጸደቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት ግን ያንኑ አዋጅ ጊዜው ሳያልቅ አነሳ። ቀደም ሲል በ2003 ዓ.ም. በአሸባሪነት የተፈረጁትን ድርጅቶች በሰኔ 2010 ከዝርዝሩ ሰረዘ። በሐምሌ የምሕረት አዋጅ አወጣ። የሲቪል ማኅበራትን ሕግ ቀየረ፤ የምርጫ ሕጉን ቀየረ። የፀረ ሽብር ሕጉን በአዋጅ 1176/2012 ተካ። በሰኔ 2012 ደግሞ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትን በአዋጅ ቁጥር 1207 አቋቋመ። እነዚሁ ሰዎች ናቸው። እነዚሁ እጆች ናቸው። በአንዱ ዓመት ለእስር የወጣው እጅ በሌላው ዓመት ለምሕረት ወጣ። በመሃል ምርጫ አልተካሄደም፤ የተቃዋሚ ወንበር አልተጨመረም።

ታዲያ ምን ተቀየረ? ከውጭ ያለው ሕዝብ ነው የተቀየረው። ለዚህ ከየካቲት 23 ቀን የተሻለ ማስረጃ የለንም። አዋጁ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። መጀመሪያ 346 ደገፉ ተባለ፤ ወዲያው 395 ነው ተብሎ ታረመ። ስለዚያ እርማት ብዙ ተብሏል፤ እኛ አንጨምርበትም። የሚገርመው ሌላኛው ቁጥር ነው፤ 88 አባላት ተቃወሙ። ሁሉም ወንበር የአንድ ግንባርና የአጋሮቹ በሆነበት ምክር ቤት፣ በቴሌቪዥን ፊት 88 ሰው «አይሆንም» ብሎ እጁን አወጣ። አብዛኞቹ የኦሮሚያ ተወካዮች ነበሩ። ፓርቲያቸው አልተቀየረም። ነገር ግን ሲመለሱ የሚጠብቃቸውን ሕዝብ ያውቁታል። ያ ሕዝብ ስማቸውን ያውቃል።

ለእኛ ለሙስሊሞች ይህ ነገር ሩቅ አይደለም፤ በራሳችን ላይ ደርሶ ያየነው ነው። የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በምክር ቤቱ ተቃዋሚዎች ነበሩ፤ በ1997 የተመረጡ ናቸው። ሕጉ ግን ጸደቀ። ያን ሕግ ያኔ ስንቶቻችን አነበብነው? «ስለ ሽብር ነው፣ እኛን ምን አገባን» ብለን አለፍነው። በ2004 ዓ.ም. በአወሊያ የተጀመረው የመብት ጥያቄ በየጁሙዐው ሲሰማ፣ «መጅሊሳችንን ራሳችን እንምረጥ» ያለው ሕዝብ ምርጫው በመስጂድ እንዲሆን ሲጠይቅ፣ መስከረም 27 ቀን 2005 ምርጫው በቀበሌ ተካሄደ። የሕዝቡን ጥያቄ ይዘው የተመረጡት የኮሚቴው አባላት ደግሞ በዚያው በአዋጅ 652 ተከሰው በሐምሌ 2007 እስከ 22 ዓመት እስር ተፈረደባቸው። ያላነበብነው ሕግ ቤታችን ድረስ መጣ። በሂደት ሁሉም ተፈቱ፤ አልሐምዱሊላህ። ሕጉም ተተካ።

አሁን ሁለቱን አነጻጽሩ። ተቃዋሚ ባለበት ምክር ቤት የጸደቀውን ሕግ፣ ተቃዋሚ የሌለበት ምክር ቤት ሻረው። እንዲህ ስንል ተቃዋሚ አያስፈልግም ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ያስፈልጋል፤ 410 ወንበር አንድ ወገን የያዘበት ምክር ቤት ለማንም፣ ለራሱ ለአሸናፊውም ቢሆን ጤና አይደለም ብለን እናምናለን። የሚከራከር ከሌለ ስሕተት ቶሎ አይታይም። ነገር ግን በ2013 ለአምስት ዓመታት የተመረጠው ይህ ምክር ቤት ነው። በአዳራሹ ውስጥ የሚጠይቅልን ተቃዋሚ ከሌለ፣ ጥያቄው የሚነሳበት ቦታ የምርጫ ክልሉ ይሆናል፤ ማለትም ኮልፌ፣ አጠና ተራ፣ ዓለም ባንክ፣ ረጲ።

የወለድ አልባ ባንክም እንዲሁ ነው። ዘምዘም ባንክን ለማቋቋም ከዓመታት በፊት አክሲዮን ተሰብስቦ ሳይሳካ እንደቀረ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ በወቅቱ የተፈቀደው በመደበኛ ባንኮች ውስጥ መስኮት መክፈት ብቻ ነበር። ሕዝበ ሙስሊሙ ግን ጥያቄውን አልተወውም። በ2011 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የባንክ ሥራ አዋጁን አሻሻለ፤ ብሔራዊ ባንክም መመሪያውን አወጣ። በሰኔ 2013 ዘምዘም ሥራ ጀመረ። በዚህ የተደሰቱ አንዳንድ ወንድሞች «መጅሊሱ በአዋጅ ተቋቋመ፣ ባንኩ ተከፈተ፤ ከእንግዲህ አመስግነን ዝም ማለት ነው» ሲሉ እንሰማለን። ማመስገኑ ተገቢ ነው። ዝም ማለቱ ግን ከየት መጣ? ሁለቱም የመጡት ዝም ስላልተባለ ነው። ደግሞስ አዋጅ መውጣቱ ብቻውን ምን ያደርጋል? መጅሊሱ አዋጅ አግኝቷል፤ ከታች ከመስጂድ ጀምሮ ሕዝቡ የሚመርጥበት ምርጫ ግን እስከ ሐምሌ 2013 ድረስ አልተካሄደም ነበር። ይህ የመንግሥት ጥፋት አልነበረም፤ የእኛው የቤት ሥራ ነበር። ሌላውን ስለ ምርጫ ስንጠይቅ ይህቺን ማስታወስ ይገባናል።

የሙስሊም ስም የሚቆጥሩትንም ወንድሞች እናክብራቸው፤ የሚያነሱት ነገር መሠረት አለው። ረጅም ዘመን ከአደባባይ የተገፋ ማኅበረሰብ በአደባባይ የራሱን ሰው ማየት ቢፈልግ አይፈረድበትም። ግን አሕመድ የሚባል ሰው ወንበር ላይ መቀመጡ የአሕመድን ሰፈር ጥያቄ አይመልስም። አዋጅ 652 ሲጸድቅ በአዳራሹ ሙስሊም አባላት አልነበሩም? ነበሩ። የመጅሊስ አዋጁን ከደገፉት ውስጥ አብዛኞቹ ሙስሊም ያልሆኑ ወገኖቻችን አልነበሩም? ነበሩ። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ሥራውን እንቁጠር።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው፤ ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው። ፓርቲ የሚለው ቃል በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። እዚያው አንቀጽ ላይ ሕዝቡ በመረጠው ሰው አመኔታ ሲያጣ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ ሊያስወግደው እንደሚችል ተቀምጧል። ይህን ስንጽፍ ነገ ማንንም እናውርድ እያልን አይደለም። ወንበሩ ውሰት እንደሆነ፣ ባለቤቱ መራጩ እንደሆነ ይታወቅ ለማለት ነው። በእኛ ቋንቋ አማና ይባላል።

ተወካዩን ለማግኘት ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም። መጀመሪያ በሁለቱ የድምፅ መስጫ ወረቀቶች የተመረጡትን መለየት ነው። ሰኔ 14 በአዲስ አበባ ለሁለት ምክር ቤቶች ነበር የመረጥነው። መንገድ፣ ውሃ፣ የቀበሌ ቤት፣ የመስጂድ ይዞታ ካርታ፣ የመቃብር ቦታ ጥበት፣ የቆሻሻ ጉዳይ በቅድሚያ የከተማው ምክር ቤት ናቸው። ሕግ የሚያወጣው፣ ሚኒስትር ጠርቶ የሚጠይቀው፣ በጀት የሚያጸድቀው ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስንጠይቅ የከተማውን ለፌደራል፣ የፌደራሉን ለከተማ አድርገን ካቀላቀልነው «የእኔ ሥልጣን አይደለም» የሚል ምቹ መልስ እንሰጣቸዋለን። እንደ ቆሼ ያለው ጉዳይ ግን ሁለቱንም ይመለከታል፤ ለሁለቱም ይጻፋል።

ሌላው፣ ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን። በመንገድ ላይ ያገኘነውን ባለሥልጣን ከብቦ ማማረር በኮልፌ የተለመደ ነው፤ እሱም «እናየዋለን» ብሎ ይሄዳል። ጉዳዩን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ እድሩ ማኅተሙን አሳርፎበት፣ ቀን ተጽፎበት፣ ቅጂው ቀርቶ ዋናው ሲሰጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከስድስት ወር በኋላ «ምን ደረሰ?» ብሎ ለመጠየቅ መያዣ ይሆናል።

የምናነሳው ጥያቄ የሙስሊሙ ብቻ የሆነ ቦታ አለ፤ የመጅሊስና የመስጂድ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ግን እንደዚያ አይደለም። የቆሼ ጭስ ቤት መርጦ አይገባም። በእድራችን ውስጥ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን አሉ፤ ደብዳቤው የእነሱም ፊርማ ይኑርበት። ይህ ለጨዋነት ብለን ብቻ የምንለው አይደለም። አንድ ማኅበረሰብ ለብቻው የጠየቀው ጥያቄ ወዲያው «የሃይማኖት ጉዳይ» ተብሎ ወደ ጎን የሚገፋበትን አገር እናውቀዋለን። ሚንበሩም ለፓርቲ ቅስቀሳ አይዋል፤ ለዚህም ለዚያም ፓርቲ። ኢማሙ ስለ አማና ይንገረን፤ ደብዳቤውን የምንጽፈው ግን ከመስጂዱ ውጭ እንደ ነዋሪ ነው።

«ፈራን» የሚሉም አሉ። በ1998 ልጁ ከቤት የተወሰደበት፣ በ2004 በጁሙዐ ቀን ዱላ የቀመሰ ሰው ፍርሃቱ ከልምድ የመጣ ነው፤ በእሱ ላይ ድፍረት አንሰብክም። ለዚህም ነው ነገሩ በአንድ ሰው ስም እንዳይሆን የምንለው። ሦስት መቶ አባወራ የፈረመበት የእድር ደብዳቤ ባለቤቱ ሦስት መቶ ነው።

 ምክር ቤቱ በየዓመቱ ሥራ የሚጀምረው በሕገ መንግሥቱ መሠረት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። አረፋ ሲደርስ ከኮልፌ ግማሹ ሰው ሻንጣውን አስሮ ወደ ስልጤና ወደ ጉራጌ አገር ቤት ይወርዳል፤ እዚያም ሰው መርጧል፤ እዚያም ተወካይ አለው። የበዓሉን ሥጋ እየበላን ከዘመድ ጋር ስለ ምርጫው ማውራታችን አይቀርም፤ ስናወራ «ማን አሸነፈ» ከሚለው በኋላ «ስሙ ማነው? መንገዱን ጠይቃችሁታል? ጤና ጣቢያውን ጠይቃችሁታል?» የሚለውን ጨምሩበት።

ከአረፋ መልስ በየእድሩ በሚደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ አንድ አጀንዳ ቢያዝ ጥሩ ነው፤ የምርጫ ክልላችን ተወካይ በነሐሴ ውስጥ መራጮቹን እንዲያገኝ መጋበዝ። ቢመጣ እንጠይቀዋለን፤ ካልመጣም ደብዳቤው ይደርሰዋል። ከሚነሱት ውስጥ ይህ የመጀመሪያው እንዲሆን ሐሳብ እናቀርባለን፤ ቆሼ የሚዘጋበት ቀን ተቆርጧል ወይ? ከተቆረጠ መቼ ነው? ካልተቆረጠ የሚመለከተውን ሚኒስትር በምክር ቤቱ በየትኛው ወር ትጠይቅልናለህ? በክምሩ ሥር የሚኖሩት ቤተሰቦች በክረምት የት ያድራሉ?

መልሱን ያገኘ እድር ካለ ይጻፍልን፤ እንለጥፈዋለን ኢንሻአላህ።